ጉዳይ ወይስ ገዳይ፦ የኢ-ሪደር መብራት በአማርኛ ፊደል ሲመዘን

«ታች በኩል ጥላ ጥላ ይለዋል። ልመልሰው ወይስ ልቻለው?»

ጠያቂው ደሴ ውስጥ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ልጃቸው ከአሜሪካ ኢ-ሪደር፣ ማለትም መጽሐፍ ማንበቢያ መሣሪያ፣ ላከችላቸው፤ አንድ ሳምንት ያህል በደስታ አነበቡበት፤ ከዚያ ጥላውን አዩት። ካዩት በኋላ ዓይናቸው ከእሱ ሌላ የሚያርፍበት አጣ። ጥያቄያቸው አጭር ናት፤ እኔ ዘንድ ግን ሰነበተች። «ልመልሰው» የሚለው ቃል እዚህ ብዙም አያስኬድም። ዕቃው በዘመድ ሻንጣ ቦሌ ወርዶ፣ ጣርማበርን አቋርጦ ደሴ እስኪገባ ድረስ የመመለሻው ቀን አልፏል። ባያልፍም ይዞ የሚመለስ መንገደኛ ይፈለጋል።

ውጭ አገር ያለ ገዢ ስክሪኑ ካልጣመው ይመልስና ሌላ ይላክለታል፤ ያም ካልጣመው ደግሞ ይመልሳል። ሦስት አራቴ የሚያመላልሱ አሉ። ስለ ኢ-ሪደር መብራት የምናነበው ቅሬታ አብዛኛው የእነዚህ ሰዎች ነው፤ የሚጠይቁትም «ከዚህ የተሻለ ይደርሰኝ ይሆን?» እያሉ ነው። ደሴ ላይ ያለ ሰው የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ «በዚህ በያዝኩት ላነብ እችላለሁ?» አንድ ዓይን ያለው ባፈር አይጫወትም ይባል የለ፤ አንድ ዕቃ ብቻ ያለውም በሌላው ሰው ቅሬታ ተነሥቶ ዕቃውን አይጥልም።

## ኩራዙን ማየትና በኩራዝ ማየት

የስልክ ስክሪን ከበስተጀርባው ይበራል፤ ብርሃኑ ፊደሉን አልፎ በቀጥታ ዓይን ውስጥ ይገባል። ኢ-ሪደር እንዲህ አይደለም። ስክሪኑ ውስጥ ያሉት በኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሱ ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶች ናቸው፤ በራሳቸው አይበሩም፤ ያረፈባቸውን ብርሃን እንደ ወረቀት ይመልሳሉ። መብራቱ ፍሬሙ ሥር፣ አብዛኛውን ጊዜ በታችኛው ጠርዝ በኩል፣ የተደረደሩ ኤልኢዲ የሚባሉ ትንንሽ አምፖሎች ናቸው። ብርሃናቸውን ከስክሪኑ በላይ በተለጠፈ ስስ ግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ ይለቁታል። ፕላስቲኩ ላይ ለዓይን የማይታዩ ጉድጓዶች አሉ፤ ብርሃኑ እነሱን እየነካ ወደ ገጹ ይወርዳል፤ ከገጹ ተመልሶ ወደ እኛ ይመጣል።

በስልክ ማንበብ ኩራዙን ማየት ነው፤ በኢ-ሪደር ማንበብ በኩራዝ ማየት ነው። የዋድላ የቅኔ ተማሪም ሆነ የየጁ ደረሳ ይህን ያውቀዋል፤ መጽሐፉን ወይም ሉሁን ወደ እሳቱ ሲያስጠጋ ለእሳቱ የቀረበው ጫፍ ይደምቃል፣ የራቀው ይደበዝዛል። የኢ-ሪደር መብራት ጣጣም ከዚሁ ይጀምራል፤ የብርሃኑ ምንጭ ጠርዝ ላይ ሆኖ ገጹን በሙሉ እኩል አብራ ተብሏል።

## «መብራቱ ልክ አይደለም» ሲባል

ይህን የሚል ሰው ከአምስት ስድስት የተለያዩ ነገሮች አንዱን እያለ ነው። ሳይለዩ መልስ መስጠት አይቻልም።

በብዛት የሚነሣው ከታችኛው ጠርዝ እየተነሡ የሚፈራረቁ የብርሃንና የጥላ ምላሶች ነገር ነው። እያንዳንዱ ኤልኢዲ ብርሃኑን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ይለቃል። የጎረቤታሞቹ ብርሃን እስኪገናኝ ድረስ በመካከላቸው ሦስት ማዕዘን ጥላ ይቀራል። ኤልኢዲው ሲያንስ ርቀታቸው ይሰፋል፣ ጥላውም ወደ ላይ ይረዝማል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የመጀመሪያው ኪንድል ፔፐርኋይት (ኪንድል የአማዞን ኢ-ሪደር ነው) 4 ኤልኢዲ ብቻ ነበረው፤ ቅሬታው ሲበዛ አማዞን ራሱ በሽያጭ ገጹ ላይ ከታች በኩል ብርሃኑ ፍጹም እኩል እንዳልሆነ፣ ይህም በአብዛኛው ጽሑፍ በሌለበት ህዳግ ላይ እንደሚታይ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ በመጡት ኪንድሎች ቁጥሩ አድጓል (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፤ የ2014ቱ ቮያጅ 6፣ የ2018ቱ ፔፐርኋይት 5፣ የ2019ኙ ኦአሲስ 25፣ የ2021ዱ ፔፐርኋይት 17።

ቁጥሩ ግን ብቻውን አይፈርድም። ቮያጅ ላይ ሰው ከጥላው ይልቅ ላይኛውና ታችኛው የገጽ ክፍል ቀለማቸው ይለያያል እያለ ያማርር ጀመር። ነጭ የምንለው ኤልኢዲ በመሠረቱ ሰማያዊ ሆኖ በላዩ ፎስፈር የሚባል ቢጫ ቅብ የተቀባ ነው። ቅቡ በጥቂቱ ሲሳሳ ወይም ሲወፍር አንዱ ወደ ሰማያዊ፣ አንዱ ወደ ቢጫ ያዘነብላል። ብርሃኑም በፕላስቲኩና በሙጫው ውስጥ በተጓዘ መጠን ቀለሙ ይቀየራል። የቀለም ቅሬታ ከጥላ ቅሬታ የሚለየው ይህ ነው፤ ኤልኢዲ በመጨመር ብቻ አይፈታም።

ከዚህ ላይ ሞቃቱ መብራት ይታከላል፤ ማታ ማታ ገጹን ወደ ቢጫ የሚወስደው። ሞቃት መብራት ባለው ኢ-ሪደር ላይ የሚነገረው የኤልኢዲ ቁጥር ነጩንና ቢጫውን ደምሮ ነው። ሞቃቱን ጫፍ ድረስ ሲወስዱት ሥራውን የሚሠሩት ቢጫዎቹ ናቸው፤ ነጮቹ ያርፋሉ ወይም ይደክማሉ። ስለዚህ በመደበኛው ብርሃን ንጹሕ የሆነ ገጽ ሞቃቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ታች በኩል ጥላ ቢያወጣ አይግረማችሁ። መምህሩ ያዩት ጥላ ይኸው ነበር።

የቀሩትን በአጭሩ። ገጹ ላይ እንደ ኮከብ የምታበራ ነጥብ ከታየች ከሽፋኑ ሥር የገባች አቧራ ወይም የብርሃን አስተላላፊው ፕላስቲክ ላይ ያለች ጭረት ናት፤ በጥቁር ዳራ ነጭ ጽሑፍ ሲያነቡ ጎልታ ትወጣለች። ከታች ተነሥቶ የማይለቅ አንድ ጨለማ ዓምድ ከሆነ አንዱ ኤልኢዲ ሞቷል። ውኃ ላይ እንደ ተንሳፈፈ ዘይት ጠርዙ የሚታይ ክብ ነገር ከሆነ ሽፋኑ ከሥሩ ለቋል፤ ይህ ከሁሉ የከፋው ነው፣ ይሰፋልና። ቢጫ መቀነትም አለ፤ በ2024 መጨረሻ የወጣው ባለ ቀለሙ ኪንድል ከለርሶፍት ከታች በኩል ቢጫ መቀነት እያሳየ ብዙ ሰው አማሮበታል። የባለ ቀለም ኢ-ሪደር ነገር ከተነሣ አይቀር፦ ከጥቁርና ነጩ ስክሪን በላይ የቀለም ማጣሪያ ስለሚደረብ ገጹ መብራት ሳይበራ ጠቆር ይላል፤ ስለዚህ መብራቱን ቀን በቀን ይፈልጋል። ልብ ወለድና ታሪክ ለሚያነብ ሰው ጥቁርና ነጩ ይሻለዋል እላለሁ። የሕፃናት መጽሐፍና ካርታ ከሆነ ሌላ ነው።

## መብራት የጠፋ ማታ

መምህሩ ማስረጃ ይዘው ነበር የመጡት፤ ፎቶ። በጨለማ ክፍል፣ ብርሃኑን ጫፍ አድርሰው፣ ሞቃቱንም ጫፍ አድርሰው በስልክ አንሥተውታል። ፎቶው ላይ ገጹ የድንኳን ሸራ ይመስላል፤ አንዱ መስመር ቢጫ፣ አንዱ ቡናማ። ስክሪኑን ራሱን ሳየው ግን ጥላው አለ፣ የፎቶውን ሩብ ያህል እንኳ አይሆንም። የስልክ ካሜራ ጨለማ ውስጥ ብርሃኑንና ቀለሙን በራሱ ያስተካክላል፤ ሲያስተካክልም ልዩነቱን ያጋንነዋል። የሰው ዓይን ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ቀስ ብሎ የሚለወጥን ብርሃን አለስልሶ ያልፈዋል። በየቦታው የሚለጠፉት አስደንጋጭ ፎቶዎች ብዙዎቹ እንዲህ የተነሡ ናቸው።

ለማነጻጸር የእህታቸው ልጅ የራሱን አመጣ፤ አሮጌ፣ 4 ኤልኢዲ ያለው፣ ሞቃት መብራት የሌለው፣ በአንድ ኢንች 167 ፒክስል (ስክሪኑ የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ብቻ የሆነ። ባዶ ገጽ ከፍተን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። ያሮጌው ገጽ የተሻለ ንጹሕ ሆኖ ታየ። ሁላችንም ተስማማን። መምህሩም «አየህ!» አሉ፤ ርካሹ ውዱን አሸነፈ ማለታቸው ነው።

እዚያው ሳለን መብራት ጠፋ። ደሴ ነውና ማንም አልደነገጠም። ሁለቱንም ብርሃን ከጫፉ ከ24 ወደ 8 አወረድናቸው፤ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት የአማርኛ ጽሑፍ ነበር። «እስኪ ያንብቡት ጋሼ» አልኳቸው። ያሮጌውን አነሡና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጀመሩ፦ «ዋናው ገዳይ...» ቆም አሉ። መሣሪያውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። «ዋናው ጉዳይ» ብለው አረሙ። ሳቅን። ሁለት መስመር ዝቅ ብለው ደግሞ ሌላ ቃል ላይ ተደናቀፉ።

ከዚያ የራሳቸውን አነሡ። ያንኑ ገጽ ሳይቆሙ ጨረሱት፤ ቀጣዩንም። ጥላው የመጨረሻዎቹን ሁለት መስመሮች አልብሷል፤ አልረሱትምም፤ «አለ፣ አለ፤ ግን ፊደሉን አይነካውም» አሉ። ያቺ ዓረፍተ ነገር የዚህ ሁሉ ጽሑፍ ምክንያት ናት። እስከዚያች ማታ ድረስ እኔም መብራትን የምመዝነው በባዶ ገጽ ነበር።

## ጭረቷ ስንት ፒክስል ናት?

ባዶ ገጽ የሚመዝነው መብራቱን ብቻ ነው። ሰው ግን የሚያነበው ፊደል ነው፤ የእኛ ፊደል ደግሞ ጠባይ አለው። ገ እና ጉን የምትለያቸው አንዲት ጭረት ናት። ቢ እና ቤ እግራቸው ሥር ባለች ጭረትና ቀለበት ይለያያሉ። በላ ያለው ሰው ጭረቷን ሲጨምሩበት ቡላ ይሆናል። በላቲን ፊደል የሚያነብ ሰው የአንድ ፊደል ጫፍ ቢደበዝዝበት ቃሉን በቅርጹ ይገምተዋል፤ እኛ ያቺ ጭረት ከጠፋችብን አናባቢው ጠፋ ማለት ነው።

እናስላው። በአንድ ኢንች 167 ፒክስል ያለው ስክሪን በአንድ ሚሊ ሜትር 6.6 ያህል ፒክስል አለው፤ 300 የሆነው 11.8 ያህል። በተለመደ የንባብ መጠን የፊደል ጭረት ወደ 0.3 ሚሊ ሜትር ብትሆን በመጀመሪያው 2 ፒክስል፣ በሁለተኛው 3 ተኩል ፒክስል ታገኛለች። 2 ፒክስል ያላት ጭረት ጠርዟ ግራጫ ሆኖ ይሟሟል። ከዚህ ላይ የፊት መብራት የራሱን ይጨምራል፤ ከብርሃኑ ጥቂቱ ገጹን ሳይነካ ከፕላስቲኩ በቀጥታ ወደ ዓይን ያመልጥና ጥቁሩ ላይ ስስ ጉም ይጥላል፤ የጦሳን አናት ጠዋት ጠዋት እንደሚሸፍነው ዓይነት። ስሷ ጭረት የምትጠፋው እዚህ ጋ ነው። አሮጌው መሣሪያ ብርሃኑ እኩል ነበር፤ ፊደሉ ግን አቅም አጣ።

ስለዚህ ለአማርኛ አንባቢ ምርጫ ከመጣ በመጀመሪያ 300 ፒክስል፣ ከዚያ የብርሃኑ እኩልነት፣ ከዚያ ሞቃት መብራት ብዬ አስቀምጣለሁ። ይህ የእኔ ሚዛን ነው፤ ሌሊት አልጋ ላይ ብቻ የሚያነብ ሰው ሦስተኛውን ወደ ላይ ሊያወጣው ይችላል።

167ቱ እጁ ላይ ያለ ሰውም አይጣለው። መሣሪያውን በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ፎንት በሚያዝበት ፎልደር ውስጥ የግእዝ ፊደል ፎንት ይጨምር። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ በተለያየ ውፍረት ስለሚገኝ ከመደበኛው ይልቅ ወፈር ያለውን ይውሰድ፤ በጣም ደማቁን አይደለም፣ የቤና የቢ ልዩነት ይደፈንበታል። የፊደሉን መጠን አንድ ደረጃ ያሳድግ። የእህታቸው ልጅ ይህን አደረገና ገዳዩ ጉዳይ ሆነ።

ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ የባሰ ነው። የቆየ መጽሐፍ ሲነሣ ወረቀቱ ግራጫ ሆኖ ይወጣል፤ 14 ሴንቲ ሜትር ስፋት የነበረው ገጽ በ6 ኢንች ስክሪን ላይ ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ይጨመቃል። ሰው መብራቱን ጫፍ ያደርስና አሁንም አይታይም ይላል፤ ግራጫው ወረቀትም አብሮ ስለሚበራ ነው። መፍትሔው መብራቱ ውስጥ የለም። ህዳጉን ቆርጦ ማውጣት፣ መሣሪያውን አግድም አዙሮ ማንበብ፣ ኪንድልም ኮሪደር (KOReader) የሚባለው የንባብ ፕሮግራምም ለፒዲኤፍ የሚሰጡትን የንፅፅር ማስተካከያ ወደ ጨለማው መውሰድ ነው።

## ብርሃኑን ስንት ላይ?

ልኩ የሚታወቀው ገጹ ከጀርባው ካለው ግድግዳ ጋር ሲመሳሰል ነው። ገጹ ከግድግዳው ከደመቀ ዓይን ይደክማል፤ ከጠቆረ ፊደል ይጠፋል። ከ0 እስከ 24 ባለው የኪንድል መለኪያ ፀሐይ ባለበት መስኮት ሥር 0 ይበቃል፤ ጥቁሩም ከሁሉ የሚጠቁረው ያኔ ነው። በሐምሌ ደመና ደሴ ውስጥ ቀኑ ራሱ ይጨልማል፤ ከ10 እስከ 14 ሊያስፈልግ ይችላል። መብራት በጠፋ ማታ ከ5 እስከ 9። ሞቃቱን ግማሽ ላይ ቢተዉት ነጮቹም ቢጫዎቹም ስለሚሠሩ ጥላው ይሳሳል፤ ለመምህሩ የነገርኳቸው መድኃኒት ይኸው ብቻ ነው።

የባትሪውም ነገር ከዚሁ ጋር ይሄዳል። የ2021ዱ ፔፐርኋይት እስከ 10 ሳምንት ይቆያል ሲባል በቀን ግማሽ ሰዓት ንባብ፣ ዋይፋይ ጠፍቶ፣ ብርሃኑ 13 ላይ ሆኖ ነው። ሲሰላ 35 ሰዓት። 24 ላይ አድርጎ በቀን ሦስት ሰዓት የሚያነብ ሰው ሳምንታቱን አይጠብቅ።

## ለሚልከው ዘመድ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ዕቃው ሻንጣ ከመግባቱ በፊት፣ ገዢው ዘመድ እዚያው ሆኖ አንድ ሰዓት ቢሰጠው ይበቃል። አማዞን ለራሱ መሣሪያዎች የሚሰጠው የመመለሻ ጊዜ 30 ቀን ነው፤ ስለዚህ መግዛትም ከጉዞው ሳምንት ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው እንጂ በመጨረሻው ማታ አይደለም።

መጀመሪያ ቀን ላይ መብራቱን አጥፍቶ በመስኮት ብርሃን ገጹን ማየት። ያኔ የሚታይ እድፍ ወይም ነጥብ የስክሪኑ ነው፤ በመብራቱ አይመካኝም። ከዚያ ማታ ክፍሉን አጨልሞ ባዶ ገጽ ላይ 24፣ ቀጥሎ 10፣ ቀጥሎ 3 ማድረግ፤ በእያንዳንዱ ሞቃቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ መውሰድ። ጥላ ከታየ መሣሪያውን ጭንቅላቱን ወደ ታች ማዞር፤ ጥላው አብሮ ከዞረ የመሣሪያው ነው፣ በቦታው ከቀረ የክፍሉ መብራት ወይም የራስ ጥላ ነው። ቀጥሎ ጥቁር ዳራ ማድረግና ኮከቧን መፈለግ። የቀደመው ገጽ ፊደል ጭላንጭል ሆኖ ከቀረ እሱ የመብራት ችግር አይደለም፤ ገጹን ሙሉ በሙሉ ሲያድሱት ይጠፋል። በመጨረሻ፣ ይህን ማንም አያደርገውም፣ የአማርኛ መጽሐፍ መጫንና 10 ላይ አድርጎ ሦስት ገጽ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ። ንባቡ ከተደናቀፈ ምን ያህል ኤልኢዲ ቢኖረው ዋጋ የለውም።

ከታችኛው ጠርዝ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ጥላ፣ ሞቃቱ ጫፍ ላይ ብቻ የሚታይ ምላስ፣ ከላይ እስከ ታች ቀስ ብሎ የሚለወጥ ቀለም፣ ህዳግ ላይ ያለች ኮከብ፤ እነዚህን ይዞ መምጣት ይቻላል። ጽሑፉ መሐል ያለች ኮከብ፣ የሞተ ኤልኢዲ ዓምድ፣ ጽሑፍ ላይ የወጣ ቢጫ መቀነት፣ የለቀቀ ሽፋን ከሆነ ግን ሳይውል ሳያድር መመለስ ነው። ምንም ያህል ትንሽ ብትሆን የለቀቀች ሽፋን ደሴ ስትደርስ ያቺው አትሆንም።

መንገዱም ያበላሻል። ባትሪ ስላለው በእጅ ሻንጣ ይጓዝ፤ ከቻርጀርና ከቁልፍ ጋር ተጣብቆ ሳይሆን ጠንካራ ሽፋን ተደርጎለት፣ ስክሪኑ ወደ ልብስ ዞሮ። ስክሪኑ ከፍሬሙ ዝቅ ያለ ዓይነት ከሆነ የበጋ አቧራ ማዕዘኑ ላይ ይጠራቀምና መብራቱ ሲበራ እንደ ብር ያብለጨልጫል፤ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል፣ በነጠላ ጫፍ አይፈተግም፤ አሸዋዋ ጭረት ትታ ትሄዳለች፣ ጭረቷም ማታ ትበራለች። ፊቱ ድፍን ዝርግ የሆነው አቧራ አይዝም፤ የእጅ ቅባት ግን ይዞ ከታች በሚመጣው ብርሃን ያሳየዋል። ብዙ ሰው ጥላ ነው ብሎ የሚያማርርበት አውራ ጣት የሚያርፍበት የቀኝ ጠርዝ፣ በእርጥበት የነካካ ለስላሳ ጨርቅ ሲጠረግ ጥላው የሚጠፋበት ጊዜ አለ። መምህሩም ቀኝ ጎን ላይ ሌላ ጥላ አለ ብለው ነበር፤ እሱ ቅቤ ነበር።